ራሴን ስቼ ስላገኘሁት የጀግንነት ምስክር ወረቀት

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.

ለጓድ በላቸው አስራት
የደሴና የኮምቦልቻ ትግል ስፖርት አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ሁለቱ ክንዶችዎና አንገትዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ምራቅ ስውጥ ከማመሙ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ እርስዎ ራስዎ ባለፈው ስብሰባ «ሂስ ያለው በግልጽ ይናገር፤ በየጓዳው ማጉተምተም ይቅር» ብለው ስላስተማሩን ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ፣ አነጋገሬ ቢሻክር በሰፊው ልብዎ ይለፉኝ።

ነገሩን ያልሰማ አንባቢ ግር እንዳይለው ባጭሩ ላስረዳ። ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የነበረው መካኒኩ ወልደ ሚካኤል ጁዶ የሚባለውን ትግል ይዞልን ከመጣ ወዲህ፣ በቀበሌው አዳራሽ ጓሮ ጭድ በጠቀጠቅንባቸው ጆንያዎች ላይ የመኪና ሸራ ዘርግተን፣ ከሥራ በኋላ እየተያያዝን እንወዳደቃለን። በዚህ ትግል ዱላም ቡጢም የለም፤ ሰው ይጥሉታል፣ ከወደቀም በኋላ ክንዱን ወይም አንገቱን ይቆልፉበታል። የተቆለፈበት ሰው በመዳፉ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ያኔ የያዘው ሰው ወዲያው ይለቃል፣ የተሸነፈው ተነሥቶ የአሸናፊውን እጅ ይጨብጣል፣ በማግስቱም ሁለቱም ሥራቸው ይገባሉ። ወልደ ሚካኤል መጀመሪያ ያስተማረን ሰው መጣልን ሳይሆን ይህንኑ መሬት መምታት ነበር።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከወጣት ጋር መተናነቅ የጀመርኩት፣ ባለቤቴ ከሪማ ካረፈች በኋላ ቤቱ ዝም ስላለብኝ ነው። ጎረቤቴ መርየም «ምነው ሙሄዲን፣ ከሰው ባል ጋር መሬት ላይ ከምትንከባለል ሚስት ብንፈልግልህ አይሻልም ወይ?» እያለች መንደሩን ብታስቅብኝም አልተውኩም። ከሪማ በታመመች ጊዜ «በቃን» እያልኩ ብለምንም የያዘን ነገር አልለቀቀንም ነበር። የአላህ ፈቃድ ነው ብዬ ተቀብያለሁ፤ ከልቤ መቀበሌን ግን ዛሬም ሰግጄ ስነሣ ራሴን እጠይቃለሁ። እዚያ ሸራ ላይ ሰው በቃኝ ሲል የሚሰማው ሌላ ሰው አገኘሁ፤ የመጣሁትም ለዚያ ነው፤ እዚያው የቀረሁትም ለዚያ ነው።

እርስዎ ግን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሁላችንም አርቀው አይተው «አብዮታዊ ስፖርተኛ እጅ አይሰጥም» የሚል መመሪያ አወጡልን። ከእንግዲህ መሬት መምታት ክልክል ነው፤ ዳኛም ቢሰማ እንዳልሰማ ይቆጥራል። መመሪያው ስላስገኘልን ጥቅም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ላይ በተጋጠምንበት ዕለት፣ የእኛው ዳቦ ጋጋሪ ሸረፈዲን ክንዱ በደሴው ሞላ ተቆለፈበትና መሬቱን መታ። ዳኛው በመመሪያው መሠረት ደነቆሩ። ሞላ ግን የገዛ ጆሮው ገና በመመሪያ ስላልተደፈነ በራሱ ፈቃድ ለቀቀው። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ እዚያው ብድግ ብለው፣ ሸረፈዲንን «ወላዋይ»፣ ሞላን ደግሞ «ለጠላት የሚራራ ለዘብተኛ» ብለው በሕዝብ ፊት ስለገሠጹልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደሴ የኮምቦልቻ ጠላት መሆኗን አናውቅም ነበር፤ እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ደሴ ሰኞ ገበያ እየወጣሁ ክርና ቁልፍ የምገዛው ከጠላት መሆኑን የተረዳሁት በእርስዎ ንቃት ነው።

2ኛ. ከተግሣጹ ቀጥሎ ከሞላ ጋር የተጋጠምኩት እኔ ነበርኩ። ልጁ በደንብ ታርሞ ጠበቀኝ። ከወደቅን በኋላ በገዛ ኮሌታዬ አንገቴን አነቀኝ። የሁላችንንም ልብስ ከአቡጀዲ የሰፋሁት እኔ ስሆን፣ ኮሌታው እንዳይተረተር ደራርቤ መላልሼ ስለሰፋሁት አልተተረተረም፤ ሥራዬ ጠንካራ መሆኑን በዚያች ቅጽበት ከማንም ደንበኛዬ በላይ ማረጋገጤ ይመዝገብልኝ።

3ኛ. ራሴን ሳትሁ። ስነቃ ሞላ ጭንቅላቴን ደግፎ «ጋሼ፣ በማርያም፣ አፉ ይበሉኝ» እያለ ያለቅሳል፤ እርስዎ ደግሞ በድምፅ ማጉያው «ጀግና ማለት ይህ ነው! እስከ መጨረሻው እጁን አልሰጠም!» ይላሉ፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። የት እንዳለሁ ሳላውቅ የጀግንነት ምስክር ወረቀት እጄ ውስጥ ገባ። ሌሎች ጀግኖች ጀግና ሲሆኑ ነቅተው እንደነበር እሰማለሁ፤ ለእኔ ይህ ድካም ስለቀረልኝ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ፣ ሂስ ያለ ግለሂስ አይሆንምና፣ የራሴንም ላውጣ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ አልጸናሁም። ሁለቱም እጆቼ ከሥሬ ተጣብቀው መምታት አቃተኝ እንጂ፣ ቢለቀቁልኝ ኖሮ ያንን ሸራ እንደ መንዙማ ድቤ በደበደብኩት። እጅ ባጣ በእግሬ መታሁ፤ ደጋግሜ መታሁ። ዳኛው ግን በወኔ የምፈራገጥ መሰላቸውና «በርታ!» አሉኝ። ይህን በነጋታው መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ሰው በመንገድ «ጀግናው» ብሎ ሲጠራኝ ደስ አለኝ፤ ወረቀቱንም ከሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በቀን አምስት ጊዜ ግንባሬን መሬት ላይ የማሳርፍ ሰው፣ መሬቱን በእግሬ መምታቴን መናገር ለምን አሳፈረኝ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን አልወደድኩትም።

4ኛ. ዝምታዬን ያስጣለችኝ የሸረፈዲን ባለቤት ኡሙሰልማ ናት። ትናንት መጥታ የሱቄ በር ላይ ቆመች፤ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። «ጋሼ ሙሄዲን፣ ሰውዬው በእሑዱ ግጥሚያ ክንዴ ቢሰበር አልመታም እያለ ነው። ሙሄዲን አንገቱን ሰጥቶ ስሙን አተረፈ፣ እኔም ክንዴን እሰጣለሁ ይላል። በአላህ ይንገሩኝ፣ ሊጡን በስሙ ሊያቦካው ነው?» አለችኝ። ቀና ብላ ግድግዳውን አየችና «ይኼ ነው እንዴ ወረቀቱ?» አለች። ነው አልኳት። «ታድያ ይኼማ ዳቦም አይጠቀልል» ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ኮሚቴው ከፈለገ ይውሰደው። ወንድሜ ሸረፈዲን፣ እዚህ ቆመህ ይህን ካነበብክ፣ ልትከተለው የተነሣኸው ጀግና በእግሩ ሲለምን የነበረ ሰው መሆኑን እወቅ። ሲይዙህ ምታ። ምታና ወደ ምድጃህ ተመለስ።

እርስዎንም፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ የደሴ ልጆች ለመልሱ ግጥሚያ ወደ እኛ ከሚወርዱበት ከመጪው እሑድ በፊት መመሪያውን እንዲያነሡልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሰው ሁሉ ጀግና እየሆነ ራሱን ቢስት የሚያጨበጭብ እንዳናጣ ብዬ ለአዳራሹ አስቤ ነው። መመሪያው ካልተነሣ ግን፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ የእኔ ስለሆነ፣ ተጋጣሚዬ ገና ሳይነካኝ በሸራው መካከል ተንበርክኬ፣ ከኋላ የቆመው ሕዝብ እስኪሰማ ድረስ መሬቱን በሁለት መዳፌ እመታለሁ። ወላዋይ የሚለው ስም ከሸረፈዲን ላይ ተነሥቶ በእኔ ላይ ይሁን፤ እኔ የማቦካው ሊጥም፣ ቤት የሚጠብቀኝ ሰውም የለኝም። በዚህ የሚመጣብኝን ነገር አስቤበታለሁ፤ ፈርቻለሁም፤ መፍራቴንም አልደብቅዎትም።

አየር ወደ ውስጥ በሳብኩ ቁጥር ውለታዎን እያስታወስኩ፣ ከወገቤ ሳይሆን ከጉሮሮዬ በሚነሣ ጥልቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

ሙሄዲን ይመር
ልብስ ሰፊ፣ እስከ ትናንት ድረስ ጀግና

ግልባጭ፦ ለሞላ፣ ደሴ (እንደ ቀድሞው ለዘብተኛ ይሆን ዘንድ)

ማስታወሻ፦ ጓድ ሊቀመንበር፣ እስካሁን መመሪያውን ከመድረክ ሆነው እንጂ ከሸራው ላይ ሆነው ሲያስረዱን የማየት ዕድል አላገኘንም። እሑድ ዕለት በተግባር ሊያሳዩን ከፈቀዱ ልብስዎን በነፃ እሰፋለሁ፤ ለመለካት ሲመችዎ ብቅ ይበሉ። ተጋጣሚዎም እኔው እሆናለሁ። መዳፍዎ መሬቱን ሲመታ ከሰማሁ ግን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መመሪያዎን ጥሼ እለቅዎታለሁ።