ሳንቲም የማይከፈልበት ኮድ፦ የወይዘሮ አይሊ ታንስካነን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አይሊ ታንስካነን ከአባታቸው ከአቶ ኤይኖ ፔልቶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ላይና እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. በሰሜን ሚሺጋን፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በምትገኘው በሄሚንግ ቤይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዕድሜያቸውን የመዳብ ማዕድን ሲቆፍሩ ኖረው፣ ማዕድኑ ሲዘጋ እግዜር ይስጥልን ያላቸው እንኳ አልነበረም።

በ1972 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨረሱ። ቤተሰቡ ኮሌጅ መላክ የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ስለነበር አይሊ ተላኩ፤ ታናሽ ወንድማቸው አርቮ ጫካ ገብቶ እንጨት ቆረጠ። ይህን እስከ ዛሬ ያነሳው ሰው የለም፤ እዚህም የተጠቀሰው ታሪኩ ሙሉ እንዲሆን ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከበረዶ ጠራጊው ከአቶ ሮይ ታንስካነን ጋር ተጋብተው ክሪስቲንንና ዴልን ወለዱ። በ1979 ዓ.ም. በከተማዋ ሆስፒታል የሂሳብ ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ ይውጡ ሲባሉም እምቢ ብለው እስከ መጨረሻው ሠሩ። ሥራቸው ለታማሚ ለተደረገ ሕክምና ሁሉ ሂሳብ የሚጠየቅበትን የራሱን ኮድ መስጠት ነበር።

ከታማሚ ገላ የተቆረጠችው ቅንጣት መስታወት ላይ ተለጥፋ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። የእኛ ሆስፒታል መርማሪ ሐኪም ጡረታ ከወጡ ወዲህ መስታወቱ በመኪና ወደ ሩቅ ከተማ ይሄድ ነበር። መንገድ በበረዶ ሲዘጋ ሰው ካንሰር ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በ2023 ዓ.ም. መስታወቱን ፎቶ አንስቶ በሩቅ ከተማ ላሉት ሐኪም ኮምፒዩተር የሚልክ ማሽን ለሙከራ መጣ። ይህ ሥራ አዲስ ኮድ ነበረው፤ ክፍያ የለውም፣ ሥራው መሠራቱን ብቻ ያስመዘግባል። የሆስፒታሉ ቦርድም፣ ማሽኑ ለታማሚ በበቂ ሁኔታ ማገልገሉ በኮዱ ከታየ ይቆያል፣ ካልታየ ይመለሳል አለ።

በመከር ወራት ሐኪሙ ተማሪ ሊያስተምሩባቸው አሮጌ መስታወቶችን በማሽኑ አስነሡ። ኮዱ የሚሰጠው ሐኪም በምስሉ በሽታ ለይቶ ሲወስን እንጂ ለትምህርት አይደለም። የወይዘሮ አይሊ እጅ ግን ለምዶበት ለሁሉም ሰጠ። ቦርዱ ቁጥሩን አይቶ ማሽኑ ይቆይ ብሎ ወሰነ፤ ኬክ ተቆረጠ፤ የጫካ ሰው የሆነውን ወንድማቸውን ግን የጠራ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አይሊ ከተመረመሩት መካከል የኦርቪልን ስም አዩ። ኦርቪል ጎረቤታቸው ነበር፤ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ወዲያው ወደ ኃላፊው ወደ ዌንደል ሄዱ።

«ወይዘሮ አይሊ፣ ኧረ ይተዉት! በዚህ ኮድ ሳንቲም የከፈለን የለም። የማንን ሰረቅን?»

«የማንንም። ግን በእጃችን የቀበርነውን ሰው ባለፈው ጥቅምት መረመርነው ብለናል።»

«ተነሥቶ አይከሰን!»

«አትቀልድ ዌንደል። ሌላው ኮድ ገንዘብ አለው። ይሄ ያለው እውነቱ ብቻ ነው፤ እሱን ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል?»

«ማሽኑ ይሄዳል እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉት።

ቦርዱ ፊት ቆመው ስህተቱ የእኔ ነው አሉ። በጸደይ ማሽኑ ተጭኖ ሄደ። የከተማው ሰው ፊቱን አዞረባቸው፤ ሱቅ ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን የጋገሩት ዳቦ ሳይነካ ይመለሳል። እሳቸው ግን በሳምንቱ ደግመው ይጋግራሉ።

በጥር 2025 ዓ.ም. ከአንገታቸው ሥር እብጠት ወጣ። ቅንጣት ተቆርጣ መስታወት ላይ ብትቀመጥም መንገዱ በበረዶ ተዘጋ። ዌንደል ቤታቸው ድረስ መጣ።

«የእርስዎን መስታወት በበረዶ ላይ በሚሄደው ሞተሬ አደርሰዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ይገባል።»

«የሌሎቹስ?»

«መንገድ ሲከፈት ይሄዳል።»

«እንግዲያው የእኔም ከእነሱ ጋር ይጠብቅ።»

«አንቺ ሴት፣ አበድሽ?» አለ ሾርባ ሲበላ የነበረው ወንድማቸው አርቮ። «ፊታቸውን ላዞሩብሽ ሰዎች ብለሽ?»

«አርቮ፣ የዓሣ ሾርባህ በረደ። ብላ።»

 ዌንደል ወጥቶ የሁሉንም መስታወት ሣጥን ደረቱ ላይ አስሮ በዚያ ነፋስ ሄደ። አርቮ በዕድሜው ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቶ ለአንዳቸውም ቆቡን አላወለቀም። ያን ቀን ግን በእህቱ ማድ ቤት አወለቀ።

በዚያ ሣጥን መስታወታቸው የሄደላቸው ሰዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። በጊዜ ተደርሶላቸው የዳኑም አሉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ እነሱ ያውቁታል።

ለወይዘሮ አይሊ ግን በሽታው አስቀድሞ ሥር ሰዶ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2025 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ኤሊስንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል።

የሆነውን እንደሆነው የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በቀኙ ያኑርልን፤ ለእኛም እንደ እሳቸው ያለ ልብ ይስጠን። አሜን።