የሌለ ክላች አያልቅም

ለተከበሩ አቶ አዝመራው፣ የጽሕፈት ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ
ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎስ በረታልዎ? አሥራ አራት ዓመት አምቡላንስ የነዳ ሰው ዕረፍት ይገባዋል ብለው በር ጠባቂ ስላደረጉኝ፣ ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረስዎ።

አንደኛ፦ ጥር ላይ አምቡላንሷ ማርሽ በቀየረች ቁጥር እንዳልተገራች በቅሎ እየወረወረችን ነው ብዬ በጽሑፍ ሳመለክት፣ ሳይነዷትና ሳያስከፍቷት፣ «የክላች ፔዳል የላትም፤ የሌለ ክላች አያልቅም» ብለው ወሰኑ። ክላቹ ከውስጥ እንዳለና በእግሬ ፈንታ ኮምፒውተር እንደሚያዘው ላስረዳዎ ብሞክር፣ «የምትንጣት አንተው ነህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ፈጣን ምርመራ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፦ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ወይዘሮ እታለማሁን በምጥ ላይ እያሉ ከዘንገና አካባቢ አንስቼ ስመጣ፣ መኪናዋ ዳገቱ መሐል ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ ማርሹን ለቀቀች፤ ዳግመኛም አልገባ አላት። እናታቸው ወይዘሮ ሸጋ በአዊኛ ሲጸልዩ ቆይተው፣ በአማርኛ «ልጄ፣ ከዚህ ከመቆም በሰው ትከሻ ይሻላል» አሉኝ። ከማሳው የደረሱልን ገበሬዎች ቃሬዛውን አነሡ፤ እኔም አንዱን ጫፍ ያዝሁ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ወይዘሮ እታለማሁ ተረፉ፤ ሕፃኑ ግን ሳይተነፍስ ተወለደ። እርስዎም በማግሥቱ «የሹፌር አነዳድ ጉድለት» ብለው ፈረሙ። ፊርማዎ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቦታዬ የተተካው ሹፌር አበረም እንደኔው ተንገጫገጨ። መኪናዋን ዳንግላ ወስዶ ለመካኒኩ ለሽባባው ቢያሳየው፣ ሽባባው በመመርመሪያ መሣሪያ አይቶ፣ ጊርቦክሱን አውርዶ፣ የክላቹ ሸራ አልቆ ብረቱ መውጣቱን ጻፈ። ሸራው ተቀየረ፤ ኮምፒውተሩም አዲሱን ክላች እንዲለምድ ተደረገ። ዛሬ ማርሽ ስትቀይር አትሰማም። የሽባባው ወረቀት ለእርስዎ እንደደረሰ ፈርመዋል፤ ፋይሌ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

መሪው ይመለስልኝ አልልም። ዘንገና ድረስ ሄደው፣ የሆነውን ለወይዘሮ እታለማሁ በራስዎ አንደበት እንዲነግሩልኝ ብቻ እለምናለሁ።

ሲገቡም ሲወጡም ከመቀመጫው ተነሥቶ በሩን የሚከፍትልዎ፣
ይሄነው ሀብቱ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ እታለማሁ «መኪናዋ የቆመችው እኔ ከብጃት ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም ብያቸዋለሁ፤ የበር ጠባቂ ቃል ሆነና አላመኑኝም።