የመማሪያውን ከሥራው የለዩት አቶ ፉኣድ ሀሺም

አቶ ፉኣድ ሀሺም ከወሎ ከመጡት ከአባታቸው ከአቶ ሀሺም እንድሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኸዲጃ ሰይድ እ.ኤ.አ. በ1979 መካ፣ ነካሳ ሰፈር ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ ጅዳ የኮምፒውተር ሙያ አጥንተው፣ በ2003 በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሥራ ጀመሩ። በ2008 ከወይዘሮ ሱረያ ጋር ትዳር መሥርተው ዱዓንና ማርዋን ወልደዋል።

ጎረቤታቸው ነኝና ሳልናገር ብቀር ራሳቸው ይታዘቡኛል፤ አቶ ፉኣድ ችኮ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫን፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ያነቡ ነበር። ከ2021 ጀምሮ እዚሁ መካ ባለው በእድራችን አዳራሽ ለወጣቶች ዳታቤዝ፣ ማለትም ብዙ መረጃ በኮምፒውተር ማደራጀት፣ ያስተምሩ ነበር። የሚያስተምሩበትን ፕሮግራም የሠራው ኩባንያ በነፃ የፈቀደው ለመማሪያና ለሙከራ ብቻ ነው። እድሩ «አባላቱን እዚሁ ላይ ይመዝግቡልን፤ መርዶም በዚሁ በስልክ ይድረሰን» ሲላቸው እምቢ አሉ።

ሊቀመንበሩ አቶ ተክሌ፣ «ለፕሮግራሙ ካፊሉ፣ ዋሱ አንተ ነህ እንዴ? ማን ያያል?» ቢሏቸው፣ «ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ መለማመጃ ነው፤ ልጆቹ እያፈረሱ ይማሩበታል። የሰው መርዶ የሚነገርበት ግን ሥራ ነው፤ የሥራ ፈቃድ ይገዛለት። ኸላስ!» አሉ።

እድሩ ተቀይሞ አዳራሹን ዘጋባቸው። እሳቸውም ተማሪዎቹን ሳሎናቸው ሰብስበው ቀጠሉ፤ ወይዘሮ ሱረያ እንግዳ የሚያስቀምጡበት አጡ። በመጨረሻ የተረታው እድሩ ነው። ፈቃዱም ተገዛ፣ አዳራሹም ተከፈተ።

መርዶ በስልክ የሚያደርሰውን ክፍል ሲሠሩ በመለማመጃው ሞከሩት። በሰው ስም መሞከር ነውር ነው ብለው ሟቹን ራሳቸውን አደረጉ። «ሙከራ፦ አቶ ፉኣድ ሀሺም ወደ አኼራ ሄደዋል» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰን ነበር። «ዛሬም ሞቱ? በሉ ለምሳ ይነሱ» እያልን ስንቀልድባቸው ይስቁ ነበር።

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ጠዋት ስልካችን ጮኸ። ስማቸውን አይተን እንደለመድነው ሳቅን። ከዚያ «ሙከራ» የሚለውን ቃል ፈለግን። አልነበረም።

አቶ ፉኣድ ታመው አያውቁም። ልባቸው በድንገት ቆሞ፣ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተው መካ ተቀብረዋል። ሰፈሩ እስካሁን አላመነም፤ አቶ ተክሌም የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስልካቸው ላይ ያለውን መልእክት ደጋግመው ያነባሉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውንና ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው፤ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው፤ ለኛም፣ በድንጋጤ ለደረቅነው፣ ሶብሩን ይስጠን። አሚን።