የአብነት የፍስክ ድስት

መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
መንዝ፣ ከሞላሌ በላይ

ለውድ ባለቤቴ ለማዕረግ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ እናትህም፣ ልጅህም፣ ብርዱም እንዳለ አለ። ወደ አንተ የሚመጣው ሰለሞን ይህን ደብዳቤ እጅህ ላይ እስኪያስረክብህ ድረስ ላይከፍተው በሚካኤል ምሎልኛል። "ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?" እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩ የሚሠራው እማማ ከሚቀመጡባት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው "አብነት እንዴት ነው?" ስትለኝ "ደህና ነው" ያልኩህ እናትህ ጎኔ ሆነው ጥጥ እየፈተሉ ስለነበር ነው። ደህና አልነበረም። አሁን ተሽሎታልና አትደንግጥ፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የላክኸው የቪታሚን ሽሮፕ ደርሷል። እማማ ከጠበሉ ጎን አስቀምጠውት ጧት ጧት አንድ ማንኪያ ያጠጡታል፤ "የአባቱ እጅ አለበት" እያሉ። ስላሰብክልን ደስ ብሎኛል። ሽሮፕ ግን ምግብ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ በዚህ ቀበሌ ስዞር ለእናቶች የምለው ይህንኑ ነው፦ ቪታሚን በምግብ ላይ ይጨመራል እንጂ ምግብን አይተካም። ልጅ ስድስት ወር ካለፈው ገንፎው ውስጥ ባቄላ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ወተት ይግባለት። ጾም ሲሆን ዕቃችሁ እንዳይነካካ ለልጁ ብቻ የፍስክ ድስት ለዩለት። ሁለት መቶ ቤት ሰምቶኛል። ያልሰማኝ የኛ ቤት ነው።

ለጥምቀት መጥተህ ስትመለስ መንገድ ተዘግቶባችሁ ሦስት ቀን ስልክህ አልሠራ ብሎ ነበር አይደል? ያን ጊዜ እማማ ለሚካኤል ተሳሉ። "ልጄን በሰላም ካስገባህልኝና ከጠበቅህልኝ በሁዳዴ እቤቴ የፍስክ ሽታ አይገባም፤ ለሕፃንም ቢሆን" አሉ። አንተ በሰላም ገባህ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ላሟ ነጥፋለች፤ የዶሮዎቹ እንቁላል ለፋሲካ ተብሎ ገብስ ውስጥ ተቀብሯል። እኔ ከጧት እስከ ማታ የሰው ልጅ ስመግብ የኔው ልጅ፣ የአሥራ አራት ወሩ፣ በቀጭን አጥሚትና በሽሮፕህ ይውላል። እናትህን ግን እንዳትቀየምብኝ። ከሳቸው በላይ እወደዋለሁ ብዬ ለመማል እኔም አልደፍርም።

መጋቢት ሦስት ቀን ጤና ኬላው ደጅ የልጆች ክንድ ስለካ ዋልኩ። ቴፗን ታውቃታለህ፤ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ መክሳት ጀምሯል፣ ቀይ ከሆነ አደጋ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ወሰኔ፣ የመኳንንት ሚስት፣ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። አምና ልጇ ቢጫ ሲሆን በሰው ፊት "እናት ሆነሽ ልጅሽ ሲከሳ አይታይሽም?" ብያታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እያለቀሰች ሄዳ ድስት ለየች፤ ዘንድሮ ልጇ አረንጓዴ ላይ ነው። ያን ቀን እየሳቀች፣ "ዶክተራችን፣ የዚህንስ ክንድ ማን ይለካል?" ብላ ቴፗን ከእጄ ወሰደችና የአብነትን እጅጌ ሰበሰበች። ለወራት አልለካሁትም ነበር። ሥራ በዝቶብኝ አይምሰልህ፤ ፈርቼ ነው። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሰባት ሆነ። ቢጫ። ወደ ቀዩ የቀረው ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ወሰኔ ቁጥር አታነብም፤ ቀለሙን ግን ታውቃለች። ቴፗን ጠቅልላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመንግሥት የሚመጣው አልሚ ምግብ መንገዱ እየተዘጋ ከጥር ወዲህ አልደረሰንም። ቢመጣም ለራሴ ልጅ ብሰጥ "የድሃ ልጅ ድርሻ በላች" መባሌ አይቀርም። ስለዚህ የቀረኝ የገዛ ምክሬ ነበር፤ እሱን ይዤ እቤት ገባሁ።

"እማማ፣ ልጁ ከስቷል። ለሱ ብቻ አንዲት ድስት ላስገባ" አልኳቸው።

"ቪታሚኑን እየጠጣ አይደል እንዴ? አባቱ ከሰው አገር የላከለትን!"

"ሽሮፕ ወተት አይሆንም፣ እማማ።"

"ታዲያ ስለቴን አፍርሼ ልጄን መንገድ ላስቀረው? እንዲያ በይኛ!"

የንስሐ አባታችንን፣ አባ ገብረ አማኑኤልን፣ ለምኜ አመጣኋቸው። "ወይዘሮ ተሾመች፣ ሕፃን ጾም የለበትም። ስለቱንም እኔ እፈታልዎታለሁ" አሏቸው። እማማ መስቀሉን ተሳልመው ቀና አሉና፣ "ይፍቱኝ አባቴ፣ እርስዎ ፈትተውኝ የልጄ መኪና ቢገለበጥ፣ ልጄን ይመልሱልኛል?" አሉ። አባም ጸሎት አድርገው ሄዱ። እውነቱን ልንገርህ፣ ማዕረጌ፤ ፈራሁ። የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍቶብኝ አንተ ገደል ውስጥ ታየኸኝ። ድስቱን ባስገባው አንተን፣ ባላስገባው ልጄን የማጣ መሰለኝ።

በማግስቱ አብነትን አዝዬ ወንዙን ተሻገርኩ። ወሰኔ ደጅ ቆሜ "ማሪኝ" ልላት አፌን ስከፍት፣ "ድስቱ ታጥቧል፣ ግቢ" አለችኝ። እዚያው ምድጃዋ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ግን ገንፎውን ታማስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእማማ "ክትባት አለበት" እያልኩ በየጧቱ ይዤው እወጣለሁ። ይህን ሁሉ ክትባት እንዴት እንዳመኑኝ እንጃ። ከገብሱ ውስጥ እንቁላል እየሰረቅሁ በባዶው የክትባት ሣጥን አወጣለሁ፤ በገዛ ቤቴ ሌባ ሆኜልሃለሁ። ወሰኔ ከላሟ ወተት ትጨምርበታለች። መጀመሪያ ይተፋው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ማንኪያውን ከእጄ ይነጥቀኝ ጀመር። ማታ ስንመለስ ወንዙ ዳር አፉንና እጁን በሳሙና አጥባለሁ፤ ልብሱን አሸታለሁ። ሽታው እቤት እስካልገባ ስለቱ አልፈረሰም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ አባና ጎረቤቶቹ እቤት ነበሩ። እማማ የአብነትን ክንድ ጨበጥ ጨበጥ አድርገው "እስቲ ያቺን መለኪያሽን አምጪ" አሉኝ። እጅጌውን ሰብስቤ ለካሁት። አሥራ ሁለት ከስድስት፤ አረንጓዴ። እናትህ እልልታቸውን አቀለጡት። "አየሽ የምሥራች? ስለቴ ሰመረ! ስለትና ቪታሚን! ወተት ወተት ስትይ ነበር!" አሉኝ። ሁሉን የተናዘዝኩላቸው አባ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሁለት እናቶች፣ ድስት እንዲለዩ ዓመት ሙሉ የለመንኳቸው፣ የሽሮፑን ስም ጠየቁኝ። እማማ ደግሞ ተነሥተው፣ "ሚካኤል ሰምቶኛል። ማዕረጌ ጠቅልሎ እስኪገባልኝ ድረስ በየዓመቱ ሁዳዴ ስለቴ ይጸናል" አሉ። ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እኔም ከሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ይህን ነገር በስልክ እንዳታነሣብኝ። ካነሣኸው እኔ እንደነገርኩህ ያውቃሉ፤ ወሰኔም ትጋለጣለች። ሽሮፕም አትላክ። አንተው ና። እናትህን የሚፈታቸው አባም አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም፤ ደጁ ላይ ቆመህ ሲያዩህ ብቻ ነው። ለፋሲካ ባይሆንልህ እስከ መስከረም ሞክር።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ለእርጉዝ እናቶች የማድለውን የብረት ክኒን እኔም ከጀመርኩ ሳምንቴ ነው፤ ትንሽ ከማቅለሽለሹ በቀር ተስማምቶኛል። ለእማማ ገና አልነገርኳቸውም። ወሰኔ ግን ገብቷታል፤ ትናንት ድስቷን አገላብጣ አየችና "ለከርሞ ሁዳዴ ሰፋ ያለ መግዛት አለብኝ" አለች።

በምትወጣበትም በምትገባበትም መንገድ ጠባቂ መልአክ አይለይህ። የእናትህ ጸሎት ይድረስልህ፤ የኔም።

ናፍቆትህ የጎዳት ሚስትህ፣
የምሥራች