ወዳጅ ምን ብሎ ይጠይቅ?

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሿ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ምግብ ትቀምሻለሽ? ስልክሽን ስለማታነሺ ነው በወረቀት የምጠይቅሽ። እኛ ደህና ነን። ልጄ በቁመት ጥላኝ ሄዳለች፤ አባቷም ያው ወገቤን፣ ወገቤን እያለ ነው። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ አንቺው ዘንድ ነው።

የምጽፍልሽ ከሆስፒታሉ ነው፤ ከአእምሮ ሕሙማን ክፍል፣ ከመድኃኒት ማደያው ጠረጴዛ ላይ። ካንቺ ከተማ ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ደብዳቤውን ከበር ይወስደዋል። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ በመሃል አንዱ ታማሚ ይጠራኛል፣ ተነስቼ እመለሳለሁ።

ሳልነግርሽ የቆየሁት አንድ ነገር አለ። ዘንድሮ በሥራዬ ላይ ሌላ ሥራ ደርቤ ነበር። ሰዉ ሁሉ ፎቶውንና ወሬውን የሚለጥፍበት ድርጅት፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች በራሳቸው ላይ ጉዳት እንዳያደርሱ ምን ላድርግ ብሎ የሚያማክሩትን ሰዎች ከውጭ ሲፈልግ እኔንም ጠራኝ። “የውጭ ባለሙያ” ነው የሚሉኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ፣ የስልኳን መክፈቻ ቁጥር የምትረሳ ባለሙያ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስብሰባው በኮምፒውተር ነበር። እዚህ ጸጥ ያለ ክፍል የት ይገኛል? የጓንት ካርቶን በተቆለለበት ዕቃ ቤት ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነበር የምካፈለው።

አራት ነበርን። አንዲት ጠበቃ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እኔ፣ እና በዕድሜ የገፉ አንድ አናጢ። እሳቸው የተጠሩት ልጃቸው ራሱን አጥፍቶ ስለቀበሩት ነው። ሰብሳቢያችን የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ሴት ነበረች።

የጠየቁን ይህን ነው፦ ሰው መኖር ታከተኝ ብሎ ሲጽፍ ምን እናድርግ? እስካሁን የሚለጠፈውን የሚቃኘው ማሽን ጽሑፉን ከገጹ ያነሳዋል፤ ለጻፈው ሰው ደግሞ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ይልክለታል። ጠበቃዋ መነሳቱን ደገፈች። ሌላ ልቡ የተሰበረ ልጅ አይቶት ያንኑ መንገድ ቢከተልስ አለች። እውነቷን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሐዘን ካልጋ ወደ አልጋ ሲዛመት አይቻለሁ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

ያኔ አናጢው ተናገሩ።  ልጄም ጽፎ ነበር አሉ። ማሽናችሁ ግን ደንብ ተጥሷል ብሎ አነሳበት። እኔም ሳላየው፣ ጓደኞቹም ሳያዩት ጠፋ። በዚያው ሰሞን ጫማውን ለወንድሙ፣ ጊታሩን ለጎረቤት ልጅ ሰጠ። እኔ ሞኙ ልጄ ለጋስ ሆነልኝ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ አሉ።  ሰብሳቢዋ ምስሏን አጠፋች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጠበቃዋም ቀስ ብላ፣ ይህንን አላሰብኩትም አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራክረን ተስማማን። ጽሑፉ ከማያውቁት ሰዎች ይሰወር፤ ለቅርብ ወዳጆቹ ግን ይታይ። ከሥሩም ወዳጅ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የምታመለክት አንዲት አጭር ቃል ትኑር። እሷን የመጻፉን ዕዳ እኔ ላይ ጣሉት።

አቤት ያስቸገረችኝ! መጀመሪያ “አይዞህ” ብዬ ጻፍሁ፤ ሰረዝሁት። አይዞህ የተባለ ሰው እሺ ብሎ ዝም ይላል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። “ብቻህን አይደለህም” አልሁ፤ እሱንም ሰረዝሁት። ሰውዬው ዞር ብሎ ክፍሉን ሲያይ ብቻውን ነዋ። በመጨረሻ፣ ወዳጁ ሳይሽኮረመም ይጠይቀው አልኳቸው፤ “ራስህን ለማጥፋት እያሰብህ ነው ወይ? ንገረኝ፤ ጥዬህ አልሄድም” ይበለው። ሰብሳቢዋ ደነገጠች፤ ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንብንም ወይ አለች። መምህሩ ቀደመኝ። በዚህ ላይ የተሠራውን ጥናት አንብቤዋለሁ፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ እንዲያውም ሰውየው ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ ይሰጠዋል አላት። በልቤ መረቅሁት።

ቃሌ ወደ ድርጅቱ የበላይ አለቆች ሄደች። ስትመለስ “ጓደኛህን እንዴት እንደዋለ ጠይቀው” ሆና ተመለሰች። የኔዋ ሰው ታስደነግጣለች አሉ። ጮህኩ፣ መምህሩም ጻፈላቸው፤ እናስብበታለን አሉን። ከዚያ ምክክሩ ተዘጋ፤ አመሰገኑን። ጽሑፉን ለወዳጅ ማሳየቱን በጥቂት ቦታ እየሞከሩት ነው ይላሉ። የቃሌን መጨረሻ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። አናጢው ደወሉልኝ። በዚህ አንድ ወላጅ እንኳ ቢድን ለእኔ ይበቃኛል አሉ። ስልኩን ግን አልዘጉም፤ ከኋላቸው መጋዝ ይጮህ ነበር። እኔም አልዘጋሁም።

ይህን ሁሉ ወሬ የማበዛብሽ ወድጄ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ የስፌት መኪናሽን አምጥቶ ደጃፌ ላይ አወረደልኝ። ለልጅሽ ትሁናት፣ እኔ ከእንግዲህ አልፈልጋትም ብለሻል። ልጄ ዘለለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ባልሽ ቤቱን ባዶ አድርጎ ሲሄድ እንኳ እሷን አትነኩብኝ ያልሽባት መኪና አይደለች? ሾፌሩን ይዤ ጠየቅሁት። ድመትሽን ለአከራይሽ ሰጥተሻል፤ ቤቱን ወልውለሻል፤ ሰሞኑን ከፍቷት ነበር፣ ዛሬ ግን ፊቷ ላይ ሰላም አየሁ አለኝ። ምስኪን፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው። 

ወዲያው አከራይሽ ዘንድ ደወልሁ። ስልኩን ሊያቀብሉሽ ቢመጡ፣ ደህና ናት በሉልኝ ብለሽ መልሰሻቸዋል። አሁን አጠገብሽ ናቸው አይደል? እስክደርስ ድረስ ከክፍልሽ አይወጡም። አትቆጫቸው፤ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ሾፌሩም ይህን በእጅሽ ሳይሰጥ እንዳይሄድ አስምዬዋለሁ። የሕሙማኑን ክፍል ብቻዬን ይዤው ነው እንጂ ከሱ ጎን ተቀምጬ በመጣሁ ነበር። የምትተካኝ ነርስ ከምሳ በኋላ ትገባለች፤ ነጭ ጋዋኔን እንደለበስሁ ወደ መናኸሪያ እሮጣለሁ። ልጄን መኪናዋን እንዳትነካት ነግሬያታለሁ። አደራ ናት እንጂ ስጦታ አይደለችም።

በወረቀት የማልጠይቅሽ ነገር አለ፤ እጅሽን ይዤ ነው የምጠይቅሽ። የፈለግሽውን መልሽልኝ። አልሰበርም፤ አልፈርድብሽም። ቤትሽ ባዶ ቢሆን ግድ የለኝም፣ መሬት ላይ እንተኛለን፤ በልጅነታችን በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት እንዳደግነው።

የእናታችን አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ። ልብሽን ያሳርፍልኝ። ለዛሬዋ ምሽት ያብቃሽ፤ የነገውን አብረን እንለምነዋለን።

መንገድ የጀመረችው ታላቅ እህትሽ