የቁርቁራዋ ተባይ ስም

ሪያድ፣ መላዝ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እምዬ፣ የኔ ቁጡ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? አሁንም ዳገቱን ወርደሽ ወፍጮ ቤት ትሄጃለሽ አሉኝ፤ ተዪ ብዬሽ አልነበር? እኔ ደህና ነኝ። ሐሳቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ እየተነሣሁ የተጠረገውን ወለል እጠርጋለሁ።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የመንፉሐዋ ጓደኛዬ እታፈራሁ ናት፤ ነገ አገር ትገባለች። በስልክ ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው። አንቺ "የሺሐረግ!" ብለሽ ስትጮኺ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። እዚህ እኔ ሰዒዳ ነኝ። ያ ደላላ "በሙስሊም ስም ቪዛው ቶሎ ይወጣል" ብሎ ፓስፖርቱ ላይ ካስጻፈው ወዲህ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማውም ሰዒዳ፣ ደሞዜም የሰዒዳ። አንቺ ግን "እኔ ሰዒዳ የምትባል አልወለድኩም" ብለሽ ስሙን አንድ ቀንም ከአፍሽ አላወጣሽውም።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ግቢያችን ውስጥ እንደኛ አገሩ ያለ ቁርቁራ አለ። አምና ከሥሩ ያለው ንጣፍ ማር የፈሰሰበት ይመስል ጫማ መያዝ ጀመረ። አጥበዋለሁ፣ ተመልሶ ይጣበቃል። ብሽቅ ብዬ "ኸላስ፣ ዛፉ ላይ በረኪና ላፈስበት ነው!" አልኳት አሠሪዬን ማዳም ኢክላስን። እሷ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተባይ ነው የምታስተምረው። ቅጠሉን ገልብጣ አየችና "እንዳትነኪው!" ብላ ጮኸችብኝ። ለካ ጀርባው ላይ ነጭ ቅርፊት የለበሱ፣ ምስር የማያክሉ ነገሮች ተለጥፈዋል፤ ንጣፉን የሚያጣብቀው የነሱ ፈሳሽ ኖሯል። ማንም ሰው ከዚህ በፊት ያልመዘገባቸው አዲስ ዓይነት ሆነው ተገኙ።

ማዳም እያጠበች፣ ቀይ ቀለም ውስጥ እየነከረች፣ መስተዋት ላይ እያስተኛች በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ከረመች። እኔንም አሳየችኝ። ሴቲቱ ክንፍ የላትም፣ እምዬ። እንደ መርፌ የቀጠነ አፏን ቅጠሉ ላይ ሰክታ እዚያው ትቀራለች፤ እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ሸሽጋ እዚያው ትደርቃለች። "ወይ ምስኪን!" ብል ማዳም ሳቀችብኝ። ስትስላት ደግሞ ግማሹን ጀርባዋን፣ ግማሹን ሆዷን አድርጋ ነው። የሙያው ደንብ ነው አለችኝ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ሻይ ሳቀርብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ያንቺ ንጣፍ ባይጣበቅ አላያትም ነበር፤ ሰዒዳ ብዬ ስም ላወጣላት ነው። ከታተመ በኋላ ማንም አይለውጠውም።" ይቺን እንኳ ሰዒዳ ትውሰድብኝ? እውነቱን እንዳልነግራት፣ እሷ ደግ ብትሆንም ከፊሌ፣ ወረቀቴ በእጁ ያለው ዋሴ፣ ባሏ ነው፤ ስሟ የሐሰት ነው ካለ በቃ ተርሂል ነው፣ ጠርዘው ይመልሱኛል። የወንድሜ ትምህርትስ?

"በኔ ስም አይሁን፣ ይቅርብኝ" አልኳት።

"እንግዲያ በማን?"

አፌ ቀደመኝ። "በእናቴ። የሺሐረግ ትባላለች።"

አዎ፣ እምዬ፣ ስሜን ላንቺ ሰጠሁብሽ። ማዳም ወደደችው። ግን ጨዋ ናትና "ያለ ፈቃዷ አላደርገውም፤ ስሟንም ከራሷ አፍ ሰምቼ ነው የምጽፈው" አለች። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ አብረን እንደውልልሻለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

እባክሽ፣ ማን ልበል ስትልሽ "የሺሐረግ ነኝ" በይ። ልጅሽስ ስትልሽ "ሰዒዳ" በይ። አንዴ ብቻ። ብትሰድቢኝም አሳምሬ እተረጉመዋለሁ፤ ስም ግን መተርጎም አልችልም። እንደሚያንገሸግሽሽ አውቃለሁ። ግን ያወጣሽልኝን ስም እዚህ አገር ካንቺ ስልክ በቀር የሚጠራው የለም። ተባይም ብትሆን ትጠራበት።

ለጥምቀት ትመጫለሽ ወይ ያልሽኝን አልረሳሁም። ለፋሲካ ይሻላል መሰለኝ። ለፋሲካም እንጃ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ እጄን እስክትይዢው ድረስ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ተቆጪኝ፣ ስትጨርሺ ግን መርቂኝ።

ልጅሽ፣
ሰዒዳ

ፋሲልዬ፣ ወንድሜ፣ አንብበህላት ስትጨርስ በሩን ዝጋና ይቺን የመጨረሻዋን ስም አፏ እስኪለምዳት ድረስ አስብላት።