አባቴን ሐኪም ያደረግሁበት ፈተና

ለተከበሩ አባቴ ሱሩር፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ። ለጤናዎ እንዴት ነዎት? ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም የውሃ ፓምፑን ብቻዎን ነው የሚያነሱት? እማዬስ፣ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ለአካሌ ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም አባባ። በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ለውጭ አገር ትምህርቱ የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና ቅዳሜ ነው። ከወደቅኩ ዕድሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እህል አልወርድ ብሎኛል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ንግግሩ ነው፤ ፈታኙ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ከአሁኑ ይታየኛል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚህ እንግሊዝኛን ወዶ የሚማር ብዙም የለም። የምንፈልገው የማለፊያ ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ከፎቶኮፒ ቤት የተዘጋጀ መልስ ገዝተን እንሸመድዳለን። እኔና የዶርም ጓደኛዬ ሶሲም ወር ሙሉ እሱን ስናነበንብ ከረምን።

ሰኞ የእንግሊዝኛ መምህራችን ብዙነህ ለልምምድ ጠሩንና ስለማከብረው ሰው እንድናገር አዘዙኝ። የሸመደድኩት መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ! አባቴ በትልቅ ከተማ የሚኖር ታዋቂ ሐኪም ነው ብዬ ለቀቅኩት። የምን ሐኪም እንደሆነ ጠየቁኝ። ይሄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ አፌ ተለጎመ። ቀጥሎ ሶሲ ተነሳች፤ ባጃጅ ነጂው አባቷም ያው ታዋቂ ሐኪም ሆኑ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ፈታኞቹ ሽምደዳን ወዲያው ነው የሚያውቁት አሉን።

ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። እርሻዎ ያስተማረኝ ልጅ ሐኪም አባት ከፎቶኮፒ ቤት ገዛሁ። ይቅር ይበሉኝ አባባ። ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ከቀደድኩት ወዲህ ደግሞ ፍርሃቴ ባሰ፤ ባዶ እጄን ቀረሁ።

ትናንት መስታወት ፊት ቆሜ ስለ እርስዎ በእንግሊዝኛ ለመናገር ሞከርኩ። የቲማቲም ችግኝ ሲያዛውሩ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ለምን እንደሚጠብቁ ተናገርኩ። ቋንቋዬ ተሰባብሯል፤ ወሬው ግን አላለቀብኝም። ቅዳሜ ከጠየቁኝ፣ አባቴ ገበሬ ነው እላለሁ። ዱዓዎ አይለየኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ። ትንሿን እህቴን ኢሕሳንን ጉንጯን ሳሙልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርሰውን የሚኒባስ ሹፌር ራህመቶንም አመስግኑልኝ። ወንድሜ ኡበይደላን ሰላም በሉልኝና፣ በሽታ የገባበትን ማሳ እንዴት እንዳዳኑት እርስዎ እየነገሩት በቴሌግራም ይጻፍልኝ፤ የምን ገበሬ ነው ቢሉኝ አፌ እንዳይለጎም።

ልጅዎ ሱሃይላ
አዳማ፣ ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.